ለላሟ የጣልነው

አዲስ አበባ ሰፈሮቿን በሆዷ የሰየመች ከተማ ናት። ካላመናችሁ ቁጠሩ፦ በርበሬ በረንዳ፣ እህል በረንዳ፣ አትክልት ተራ፣ ዶሮ ማነቂያ። እኔ የምኖረው ደግሞ ሰንጋ ተራ ነው። ሰንጋ ተቀልቦ የደለበ፣ ለእርድ የደረሰ በሬ ነው። ተራ ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር ተደርድሮ የሚሸጥበት ቦታ። ዛሬ በስሙ ተታሎ ሰንጋ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ቢኖር የሚያገኘው ባንክና ኢንሹራንስ ነው። በ2014 ዓ.ም የተመረቀው፣ ቁመቱ ከ200 ሜትር የሚያልፈው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከራስጌያችን ቆሟል። የድሮዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየምና የ40/60 ሕንጻዎች በቅለዋል። በሬው ሄዷል፤ ስሙ ቀርቷል።

በሬውን ያደለበው ነገር ግን ከከተማው አልወጣም። እሱ ፋጉሎ ነው። ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ጥቁር፣ ደረቅ፣ ጠረኑ ከሩቅ የሚታወቅ ቂጣ። ኑግ የእኛው አገር ልጅ ነው፤ መጀመሪያ የለመደውና የተዘራው በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ዘይቱ ለዘመናት የጾም ወጣችንን ሲያጣፍጥ፣ ፋጉሎው ደግሞ ሰንጋውን ሲያደልብና የላሟን ጡት ሲሞላ ኖሯል።

አባቶቻችን ምንም ነገር አያባክኑም ነበር። ዘይቱ ለሰው፣ ፋጉሎው ለከብት። ዱቄቱ ለሰው፣ ፉርሽካው ለከብት። ጠላው ለሰው፣ አተላው ለከብት። ሲያዩት እንዴት ያማረ ስሌት ነው! ሰው የማይበላውን ከብቱ ይበላል፤ ከብቱ ደግሞ ሥጋና ወተት አድርጎ ይመልሰዋል። ጥያቄው ሌላ ምን ይመልሳል የሚለው ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ይህ ስሌት ውስጥ ስለገባ አንድ ሻጋታ ነው። ታሪኩ ከአንድ የጣልያን ቄስ ተነስቶ፣ በእንግሊዝ የዶሮ እርባታዎች አልፎ፣ በ2008 ዓ.ም አዲስ አበባ ወተት ብርጭቆ ላይ ይደርሳል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን በየምዕራፉ ፋጉሎ አለበት።

ዓይን የሚያውቀውና የማያውቀው

ሻጋታ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰን እንጀራ ነው። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ዳርና ዳሩ ላይ ነጣ፣ አረንጓዴ፣ ጠቆር ያለ ነገር ብቅ ይላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት እንጀራን የሚያሻግቱት ሦስት ወገኖች መሆናቸውን ጽፈዋል፦ ፔኒሲሊየም፣ ራይዞፐስና አስፐርጂለስ ኒጀር። የመጀመሪያው መድኃኒት የሰጠን የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። የመጨረሻው ደግሞ ሽንኩርት ስትልጡ ከላይኛው ቅርፊት ሥር የምታዩት ጥቁር ዱቄት ነው፤ ፋብሪካዎች ደግሞ ሲትሪክ አሲድ የሚያመርቱበት ሠራተኛቸው ነው። ያ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ውስጥ ያለው ኮምጣጣ ማለት ነው።

የእናቶቻችን ዕውቀት ለዚህ ዓይነቱ ሻጋታ በቂ ነበር። ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ይለቅማሉ፣ ይጥላሉ። የእኔ እናት የበርበሬ ዛላ ስታዘጋጅ አንድ በአንድ ነው የምታገላብጠው። አንዱን በጣቷ ጫን ትለዋለች፣ ውስጡ ጨለማ ከሆነ ወደ ጎን። ገበሬውም እንደዚሁ ነው። በማሳ ላይ ለሚያየው የፈንገስ በሽታ ስም አለው፦ ስንዴውን የሚያዝገውን ዋግ ይለዋል፤ የገብሱን ዘለላ ጥላሸት የሚያደርገውን አረማሞ ይለዋል። ስም ያለው ነገር ጠላት ቢሆንም የታወቀ ጠላት ነው።

የዛሬው ባለታሪካችን ግን ለብቻው የአማርኛ ስም የለውም። ሳይንሱ አስፐርጂለስ ፍላቩስ ይለዋል። የመጀመሪያውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1729 ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ የተባለ የፍሎረንስ ቄስና የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ሻጋታውን በማይክሮስኮፕ ሲያየው ቀጭን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ክብ ራስ፣ ከራሱ ላይ ደግሞ የተበተነ የዘር ሰንሰለት አገኘ። ለሰውየው የታየው በየቀኑ የሚይዘው ዕቃ ነው፤ የጸበል መርጫ። በላቲን የጸበል መርጫውን ስም ለሻጋታው ሰጠው። ፍላቩስ የሚለው ቅጥያ ደግሞ ቢጫ ማለት ነው፤ ሻጋታው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ነውና።

በተፈጥሮው ክፉ አይደለም። አፈር ውስጥ ይኖራል፣ የሞተ ገለባና ቅጠል እየበላ መልሶ አፈር ያደርጋል። ችግሩ የሚጀምረው ተክሉ ሲጨነቅ ነው። ድርቅና ሙቀት ሲደራረቡ፣ ተባይ ፍሬውን ሲበሳው፣ ይሄ ሻጋታ በር አገኘ ማለት ነው። በቆሎ ላይ በጺሙ በኩል ወይም ትል በበሳው ቀዳዳ ይገባል። ለውዝ ላይ ደግሞ ገና ከመሬት ሳይነቀል፣ ድርቅ ልባሱን ሲሰነጥቀው ይገባል። በርበሬ ላይ እርጥብ መሬት ላይ ሲሰጣ ይገባል። አንዳንዴም ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሳ ተብሎ ውሃ ሲረጭበት፣ ይኸው ሻጋታው ግብዣ ደረሰው።

ዋግ ማሳውን ያጠፋና ገበሬውን ያስለቅሳል። ይሄኛው ግን ማሳ ላይ ብዙ ጩኸት አያሰማም። ምርቱ ይሰበሰባል፣ ይሸጣል፣ ጎተራ ይገባል። ሥራውን የሚጨርሰው እዚያ ነው። ሲያድግ ደግሞ የሚተወው መርዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ሻጋታው ተራግፎ፣ ተበጥሮ፣ ታጥቦ ከሄደ በኋላ መርዙ ይቀራል። ማፍላት አያጠፋውም፣ ወተትን በፋብሪካ ማሞቅም አያጠፋውም። እዚህ ላይ የእናቴ ዓይንና አፍንጫ እጅ ይሰጣሉ።

ነገሩ የጀመረው በፋጉሎ ነው

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮ መሰል ወፎች እንደ ቅጠል ይረግፉ ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ ጫጩቶች አለቁ። በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም፤ ተሐዋስ ተፈለገ፣ አልተገኘም። ስም እንኳ ስላጡለት "የተርኪ ኤክስ በሽታ" አሉት። ኤክስ ማለት እንግዲህ "ምን እንደሆነ እንጃ" ማለት ነው።

መልሱ የተገኘው ከበሽተኞቹ አካል ሳይሆን ከመኖ ገንዳቸው ነው። ሁሉም የበሉት ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ነበር። ፋጉሎ! ዘይቱ ተጨምቆለት የቀረው ቂጣ። ፋጉሎው ላይ አስፐርጂለስ ፍላቩስ በቅሎበት ነበር። በ1961 መርዙ ከዚያው ሻጋታ መምጣቱ ታወቀ፤ ከሻጋታው ስም ላይ "አ" እና "ፍላ"ን ወስደው መርዝ ከሚለው ቃል ጋር አገናኝተው አፍላቶክሲን አሉት። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ሲያስቀምጡት ይበራል፤ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ አረንጓዴ። ለሰው ዓይን የተደበቀው ነገር በዚያ ብርሃን ብቻ ራሱን አሳየ።

ለምን ፋጉሎ? ምክንያቱ ቀላል ነው። መርዙ ከዘይት ጋር ብዙም አይስማማም። ፍሬው ሲጨመቅ ዘይቱ ወደ አንድ በኩል ይወርዳል፣ መርዙ በአብዛኛው ከቂጣው ጋር ይቀራል። ዘይቱ ሲጣራ ደግሞ የቀረችውም ትጸዳለች። ስለዚህ ያ ያማረው የአባቶቻችን ስሌት ውስጥ አንድ ያልታየ መስመር ነበረበት ማለት ነው፦ ንጹሁ ለሰው፣ መርዙ ለከብት።

ጥያቄው ወዲያው ተነሳ። ላሟ መርዙን ከበላች ወተቱስ? በ1963 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የተመረዘ የለውዝ ፋጉሎ የበሉ ላሞችን ወተት ለዳክዬ ጫጩቶች ሰጡ። የጫጩቶቹ ጉበት ልክ ፋጉሎውን ራሳቸው እንደበሉት ተጎዳ። የላሟ ጉበት መርዙን ለማርከስ ሲታገል ቅርጹን ለውጦ በወተቷ ይለቀዋል። ይህን ሁለተኛ መልኩን ኤም 1 ብለው ጠሩት፤ ኤም በእንግሊዝኛ የወተት የመጀመሪያ ፊደል ናት።

ላሟ ከበላችው መርዝ ወደ ወተት የሚያልፈው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው፤ ብዙ የምትታለብ ላም ላይ እስከ ስድስት ሊደርስ ይችላል። ካንሰር የማምጣት ኃይሉም ከመጀመሪያው መርዝ አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ላሟ ለእኛ ወንፊት ሆናልናለች ማለት ይቻላል። አብዛኛውን ራሷ ተሸክማ ትንሹን ነው የምትሰጠን። ግን ወተት የሚጠጣው ማነው? ሕፃን ነው። አካሉ ትንሽ፣ ምግቡ በአብዛኛው ያው አንድ ወተት የሆነ።

ልብ የሚያሳርፍም ነገር አለ። የላሟ መኖ ዛሬ ከተለወጠ ወተቷ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ይጠራል። ከፍርሃቱ ይልቅ ይህችን እውነት ያዙልኝ፣ ወደኋላ ትጠቅመናለች።

የሚጮኽ መርዝና ዝም የሚል መርዝ

ከሻጋታና ከዘመዶቹ የሚመጣ መርዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1970 ዓ.ም ወሎ ውስጥ የገበሬዎች እግር እየደረቀና እየጠቆረ መውደቅ ጀመረ። ምክንያቱ ኤርጎት የተባለ ፈንገስ ነበር። ድርቁ ገብሱን ሲያዳክም ስናር ማሳውን ወረረ፤ ፈንገሱ ስናሩ ላይ ነበር፤ ስናሩ ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ ተበላ። የኤርጎት መርዝ የደም ሥርን ያጠባል፤ ደም ያልደረሰው ጣት ይሞታል። 140 ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል ሞተ። ከተረፉት ውስጥ እግራቸውን ያጡ አሉ። ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ።

ኤርጎት የሚጮኽ መርዝ ነው። ዛሬ በልተህ ከሳምንታት በኋላ እግርህ ይመሰክራል። ሐኪም ይመጣል፣ እህሉ ይመረመራል፣ ጥናት ይጻፋል።

አፍላቶክሲንም በብዛት ከተበላ ይጮኻል። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ እርጥብ እያለ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ሲበዛ ጉበትን ባጭር ቀን ይገድላል። በተለምዶ ግን እንደዚያ አይመጣም። ጥቂት በሽሮ፣ ጥቂት በበርበሬ፣ ጥቂት በወተት፣ ለዓመታት። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል። ሥራው ጉበት ላይ ነው። ጉበቱ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ጉልበቱ በ30 እጥፍ ገደማ ይበረታል። ሁለቱ ጠላቶች ተጠራርተው ነው የሚመጡት። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕፃናት በሚሰጠው ክትባት የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ መጨመሩ ለዚህም ጭምር ነው ዋጋው።

ዝም የሚል መርዝ ክፋቱ ምስክር አለመኖሩ ነው። በ60 ዓመቱ ጉበቱ ታሞ የሚሞት ሰው የትኛው በርበሬ፣ የትኛው ዓመት፣ የትኛው ሱቅ እንደሆነ ማን ይነግረዋል? ከሳሽም ተከሳሽም የሌለው ሞት ነው። ሐዘንተኛው "ጉበት ነው አሉ" ይላል፣ በቃ፣ ነገሩ እዚያ ያልቃል።

ወሬው አዲስ አልነበረም

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2008 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ "ወተት ካንሰር ያመጣል" የሚል ወሬ እንደ እሳት ተዛመተ። መነሻው ትክክለኛ ጥናት ነበር። ዳዊት ግዛቸውና ባልደረቦቹ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆነው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለውን ወተትና መኖ መርምረው ፉድ ኮንትሮል በተባለው መጽሔት ላይ አሳትመው ነበር።

ቁጥሮቹን ቀስ ብለን እንያቸው፤ ያኔ የጠፋው ይሄ ቀስ ማለት ነውና። የተመረመረው ወተት 110 ናሙና ነው። ሁሉም ላይ መርዙ ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት በኪሎ ወተት 0.05 ማይክሮግራም ብቻ ይፈቅዳል፤ ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ መስፈሪያ ያለፉት 9 ናሙናዎች ናቸው። አሜሪካ ደግሞ የአውሮፓን አስር እጥፍ፣ 0.5 ትፈቅዳለች። በዚህኛው ከገደቡ በላይ የሆኑት 29 ናቸው፤ 81ዱ ያልፋሉ።

ያው ወተት፣ ያው ላም። በብራስልስ ሚዛን 9ኙ ብቻ የሚጠጣ፣ በዋሽንግተን ሚዛን 81ዱ የሚጠጣ። አንዱ ዋሽቶ አይደለም። ወሰን የሚቀመጠው ሳይንሱ ብቻ አይቶ ሳይሆን አገሩ ምን ያህል መጣል እንደሚችልም አይቶ ነው። ብዙ ወተት ያለው አገር ጥብቅ መሆን ይችላል። ወተት ለልጁ ያልተረፈው አገር ግን ጥብቅ ሕግ ሲያወጣ ያ ልጅ ከመርዙ ይድንና በምግብ እጦት ይጎዳል። ይሄ ፍርድ ቀላል አይደለም፤ በአንድ የፌስቡክ ርዕስ ደግሞ ጭራሽ አያልቅም።

ከዚያ መኖው አለ። 156 የመኖ ናሙና ተመርምሮ መርዝ ያልተገኘበት አንድም አልነበረም። 41ዱ በኪሎ ከ100 ማይክሮግራም በላይ ነበረው። ዋናው ምንጭ ተብሎ ጣት የተቀሰረበትስ? የኑግ ፋጉሎ። ከእንግሊዞቹ ተርኪዎች 55 ዓመት በኋላ፣ ያው ታሪክ፣ ለውዙ በኑግ ተተክቶ።

ሰው ግን ፋጉሎ የሚለውን ቃል አልሰማም። የሰማው ወተት የሚለውን ነው። የወተት ገበያ ወደቀ። ማኪያቶ የነበረው ጥቁር ቡና ሆነ፤ ልጆቻቸውን ወተት ያስተዉ እናቶችን አውቃለሁ።

ዜናው አዲስ መሰለ እንጂ አልነበረም። ኢትዮጵያ ውስጥ አፍላቶክሲን በምግባችን ላይ መኖሩን የሚናገር ጥናት በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በ1996 ደግሞ በዚያው መጽሔት ላይ ከአዲስ አበባ ሱቆችና ገበያዎች የተሰበሰበ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ተመርምሮ ውጤቱ ታትሟል። አብዛኛው ንጹህ ነበር፤ ግን ከበርበሬው ከአስር ናሙና ከአንድ በላይ፣ ከሽሮውም ወደዚያው የሚጠጋ መርዝ ተገኝቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ደግሞ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ የመጣ ለውዝ መርምሮ ከ120 ናሙና 93ቱ ላይ አግኝቶታል።

እንግዲህ አስቡት። በጾም ሽሮ፣ በፍስክ ወተት፣ በሁለቱም በርበሬ። ከ30 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነበር። ታዲያ ለምን አልሰማነውም? ጥናቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ የታተመው ሐኪም በሚያነበው መጽሔት ነው፣ የተቀመጠው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው። ሽሮ የምትፈጨዋ ሴት፣ ፋጉሎ የሚያከማቸው ነጋዴ፣ ላም የሚያልበው ገበሬ የዚያ ወሬ ባለቤት አልነበሩም። ዝም ያለው መርዙ ብቻ አይደለም።

ዕዳውን ማን ከፈለ

ሰፈራችን ሳይፈርስ በፊት ሁለት ላም የነበራቸው አንዲት እናት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ጣሳ ይዘን በራቸው ላይ እንሰለፋለን። ከግቢያቸው ጥግ ላይ በጆንያ የተቆለለ ፋጉሎና ፉርሽካ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ከወተት ሽያጩ ቀድመው የሚሮጡት ወደዚያ ጆንያ ነው። ሳር ቤቱ ቢያንጠባጥብ ችግር የለም፣ ጆንያው ግን እንዳይነካ። "ላም የበላችውን ነው የምትሰጥህ" ይሉ ነበር። አፍላቶክሲን የሚባል ቃል ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን ደንበኛቸውን በስም ያውቁታል፣ ልጁንም ያውቁታል፣ ወተቱ ቢያስመልሰው ጧት በራቸው ላይ እንደሚቆምም ያውቃሉ።

ይሄን የምለው ድሮ ንጹህ ነበር ለማለት አይደለም። የእሳቸውም ፋጉሎ ውስጥ መርዝ ሊኖር ይችል ነበር፤ በዓይን አይታይማ። የምለው ሌላ ነው። በላሟና በልጁ መካከል የነበረው ርቀት አንድ አጥር ነበር። ዛሬ ኑጉ ከአንድ ክልል ይመጣል፣ መጭመቂያው ሌላ ቦታ ነው፣ ፋጉሎው በጆንያ ከመጋዘን መጋዘን ይዞራል፣ ላሟ ሱሉልታ ወይም ደብረ ዘይት ናት፣ ወተቱ ተሰብስቦ ይቀላቀላል፣ ታሽጎ ሰንጋ ተራ ሱቅ ይደርሳል። መንገዱ ሲረዝም ሻጋታው ጊዜ ያገኛል፤ ኃላፊነቱ ደግሞ ባለቤት ያጣል።

ወሬው በወጣ ጊዜ ዕዳውን የከፈለው ማን ነበር? መጋዘኑ አይደለም፤ ፋጉሎው አስቀድሞ ተሸጧል። የከፈለው የመንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ገበሬ ነው። ላም በየቀኑ ትታለባለች፤ ገዢ ጠፋ ብለህ ነገ እናልባት አትላትም። ፋጉሎውን ንጹህ ነው ብሎ በውድ የገዛው፣ ማስመርመሪያ የሌለው፣ ወተቱን ሲደፋ ልጆቹ የሚያዩት እሱ ነው። ሌላኛው ከፋይ ደግሞ ወተት የተከለከለው ልጅ ነው።

ሻጋታ ታሪክ አለው የምለው ለዚህ ነው። ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ምርጡ ፍሬ ወደ ውጭ ይላካል፣ ምክንያቱም እዚያ የሚመረምር አለ። ቀጥሎ ያለው ለከተማ፣ ከዚያ የሚቀረው ለራስ፣ ተለቅሞ የተጣለው ለከብት። መርዙ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ወደ ደካማው ይገፋል። ከብቱ ግን የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ያኔ ነው ነገሩ ዞሮ ብርጭቋችን ላይ የሚቀመጠው።

ሦስት ቀን

መፍትሔው በሌላ ዓለም ያለ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ፍሬውን ሳይዘገዩ ማድረቅ፣ መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ወይም ቆጥ ላይ ማስጣት። ሁለተኛ፣ ጆንያውን ከመሬትና ከግድግዳ ማራቅ፣ አየር እንዲያገኝ ማድረግ፣ ፋጉሎ ለወራት አለማቆየት። ሦስተኛ፣ መኖ ላይ መርዙን ጨብጦ ከላሟ ሆድ በእበት የሚያስወጣ ሸክላ መጨመር፤ ቤንቶናይት ይባላል። ደግሞ እሾህን በእሾህ የሚሉት ዓይነት ዘዴ አለ። ናይጄሪያና ኬንያ ውስጥ መርዝ የማያመርቱ የአስፐርጂለስ ፍላቩስ ዘሮችን ማሳ ላይ ይበትናሉ። እነሱ ቦታውን ቀድመው ይይዙና መርዘኛው ወንድማቸው መቀመጫ ያጣል። ሻጋታን በሻጋታ።

ከሁሉም በላይ ግን ምርመራው የት ይሁን የሚለው ነው። እኛ የለመድነው መጨረሻ ላይ መጮኽ ነው፤ ወተቱ ላይ፣ ሱቁ ላይ፣ ልጁ ላይ። ወተቱ ላይ መርዝ ካገኘህ ያለህ አማራጭ መድፋት ብቻ ነው፤ የሚደፋው ደግሞ የድሃ ገበሬ ወተት ነው። ፋጉሎው ላይ፣ መጋዘኑ በር ላይ ካገኘኸው ግን ያ ጆንያ ወደ ላሟ ሳይደርስ ይቆማል። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፦ መኖዋ ከተስተካከለ ወተቷ በሦስት በአራት ቀን ይጠራል። በ2008 ዓ.ም አንድ ሙሉ ከተማ ወተት እንዲፈራ ከማድረግ ይልቅ ለዚያ ገበሬ ንጹህ ፋጉሎ ማቅረብ ይቻል ነበር። ላሟ ይቅርታ ለማድረግ የሚበቃት የአንድ ሳምንት ግማሽ ነው።

ለእኛ ለበላተኞቹስ? ወተት ተዉ አልልም፤ ለልጅ ወተት ማስቀረት ራሱ ጉዳት ነው። በርበሬና ሽሮ ግን ብትችሉ ዛላውንና ክኩን አይታችሁ ግዙ፣ ራሳችሁ አስፈጩ። ዱቄት ምስክር የለውም፤ የተለቀመውም ያልተለቀመውም ከተፈጨ በኋላ አንድ ቀለም ነው። እናቴ ወደ ጎን የምታደርጋቸው እነዚያ ጨለማ ዛላዎች የት እንደሚሄዱ አንድ ቀን ጠየቅኋት። ድሮ ለማን እንደሚሰጡ ነገረችኝ፤ ዶሮ ነበረች፣ ላም ነበረች፣ ከሁሉም ቤት የምትዞር ፍየል ነበረች። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ስልቻውን ቋጠረችና "ጣለው" አለችኝ፤ ከዚያ ቆይታ "ግን ማንም የማያነሳበት ቦታ" ብላ ጨመረችበት።